ከመኪና ወርደን የምናየው አፍሪካ፦ ስለ ሰሜን፣ ስለ ባሌ እና ስለ ጓሳ ተራሮች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤

የአፍሪካ የዱር እንስሳት ጉብኝት ሲነሣ አብዛኛው ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው የታንዛኒያውን ሴሬንጌቲ ወይም የኬንያውን ማሳይ ማራ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ዊልደቢስቶች ዝናብና ሣር እየተከተሉ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚጓዙበት ያ ሜዳ የተሰጠው ስም ሁሉ ይገባዋል፤ አቅሙና ዕድሉ ያለው ሰው ሄዶ ቢያየው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሥዕል እጅግ ጎልቶ በመውጣቱ፣ ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይም የዓመት ዕረፍታቸውን ከልጆቻቸው ጋር በአገር ቤት ለማሳለፍ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገሮች የሚመጡት፣ «የእኛ ፓርኮች ደግሞ ምን የሚታይ እንስሳ አላቸው?» ብለው ሲጠይቁ እሰማለሁ። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ የምችለውን ያህል መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

መልሴ በአጭሩ ይህ ነው። የኢትዮጵያ የደጋ ፓርኮች ሀብት የሚለካው በመንጋ ብዛት ሳይሆን በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል በማይገኙ ፍጥረታት ነው፤ እነዚህን ፍጥረታት በሚገባ ለማየትም ከመኪና መውረድ፣ በእግር መሄድና በቂ ቀን መስጠት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስ ሰው ሰሜንንም ባሌንም አየሁ ለማለት ይከብደዋል።

በአፍሪካ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ካለው መሬት አብዛኛው የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። ይህ ብርዳምና ነፋሻ ከፍታ ዙሪያውን በቆላ የተከበበ ስለሆነ፣ በላዩ የሰፈሩት እንስሳትና ዕፅዋት በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ነዋሪዎች ከሌላው ተለይተው እጅግ ረጅም ዘመን ኖረዋል። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘንና ያ ከሩቅ ሰው መስሎ የሚታየው ጅብራ የተባለው ተክል ሁሉ የዚህ ተለይቶ የመኖር ውጤቶች ናቸው። እነዚህ ከጠፉ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም፤ ሌላ የሚኖሩበት አገር የለምና።

ከሰሜን ተራሮች ልጀምር። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ስትሆን፣ የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ባለ በቅሎና ምግብ አብሳይ የሚቀጠሩትም እዚያው ነው። ስካውት ይዞ መግባት ግዴታ ነው። ባለ በቅሎዎቹና አስጎብኚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ የሚሠሩ ስለሆነ፣ ጎብኚው በተራራው ላይ አንድ ቀን ጨምሮ ባደረ ቁጥር ገንዘቡ በቀጥታ የሚደርሰው በዙሪያው ለሚኖረው ገበሬ ነው። ቀናችሁን አታሳጥሩ የምለው አንድም ለዚህ ነው።

ተራሮቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ንብር በንብር እየፈሰሰ ከተደራረበ የእሳተ ገሞራ አለት የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ አለቱን እየቦረቦሩ፣ በሰሜን በኩል ያለውን ጠርዝ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ገደል አድርገውታል። በእግር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጠርዝ ይዞ ከሳንካበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ይጓዛል። በሳንካበርና በግጭ መካከል የጅንባር ፏፏቴ ወደ ጠባቡ ሸለቆ ሲወረወር ይታያል፤ በግጭ አቅራቢያ ካለው ከእሜት ጎጎ አናት ላይ ቆሞ ደግሞ ቆላው እስከ አድማስ ድረስ በሾጣጣ አምባዎች ተሞልቶ ይታያል። ከጨነቅ በላይ 4,430 ሜትር ከፍታ ያለው ቧሂት አለ፤ ከእርሱ ማዶ፣ የመሸሃን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ለሚወጣ ሰው፣ 4,550 ሜትር የሚደርሰው ራስ ደጀን ይጠብቀዋል። ራስ ደጀን የአገራችን ከፍተኛው ጫፍ እንደመሆኑ ብዙ ሰው እርሱን ብቻ ዓላማ አድርጎ ይሄዳል። እኔ ግን ጊዜው አጭር ለሆነ ሰው ራስ ደጀንን ትቶ በግጭና በጨነቅ እንዲቆይ እመክራለሁ፤ እንስሳቱም ውበቱም ያሉት በዚያ ነው።

ጭላዳን በቅርብ ለማየት ጠዋት ከገደሉ ጠርዝ አጠገብ መቀመጥ ነው። ጭላዶች ሌሊቱን ከነብርና ከጅብ ለመሸሽ በገደሉ እርከን ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ ፀሐይ አለቱን ስታሞቅ እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ወጣቶቹ እየተሻሙ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። መጀመሪያ ፀሐይ እየሞቁ እርስ በርስ ጠጉራቸውን ይፈታተሻሉ፤ ከዚያ ወደ ግጦሽ ይሰማራሉ። በዓለም ላይ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘመዶች መካከል ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ጭላዳ ብቻ ነው። በቂጡ ቁጭ ብሎ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ የሣሩን ቅጠል እየለየ፣ በሁለቱም እጆቹ በፍጥነት እየነጨ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይከተዋል፤ በዙሪያው ያለው ሲያልቅ ደግሞ ሳይነሣ እንደተቀመጠ ጥቂት ተንፏቅቆ ይቀጥላል። መቶ ሁለት መቶ ሆነው ሲግጡ፣ በመካከላቸው ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ሣሩ የሚነጭበት ድምፅ በግልጽ ይሰማዋል። ወንዱ ከትከሻው የሚወርድ ወፍራም ጋማ አለው፤ በደረቱ ላይ ያለው ጠጉር የሌለበት ቀይ ቆዳም በመንጋው ውስጥ ያለውን ደረጃና ጉልበት ይናገራል። ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ረጃጅም ጥርሶቹን ያሳያል፤ ይህን ያየ ሰው ትንሽ ራቅ ቢል ይበቃል። ዳቦም ሆነ ብስኩት መወርወር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ገበሬው ማሳ ውስጥ ገብቶ ጠላት ያፈራል።

ዋልያ ከጭላዳ ይልቅ ዓይን አፋር ነው። በዓለም ላይ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ሲሆን፣ ማለዳና ወደ ማታ ላይ በጨነቅ አካባቢ ባሉት ገደሎች ላይ ሲግጥ ይገኛል። ወደ ኋላ የታጠፈው ቀንዱ ባለ ጉብጉብ ነው፤ እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ምንም መቆሚያ ያለ አይመስልም። ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በሰሜን ተራሮች እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ስለምታስተምር፣ ለብዙ ሰው ይህ ስፍራ የጸሎትና የዜማ ምድርም ነው፤ ከተፈጥሮ ጉብኝቱ ጋር ይህን ክብር ይዞ መሄድ ተገቢ ይመስለኛል። የዋልያ ቁጥር ባለፉት ዓመታት በብዙ ቀንሷል፤ ይህ በእኛ ዘመን የደረሰ ነገር ነውና በቸልታ ልናልፈው አይገባም።

የሰሜን ተራሮች በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያ ዓመት መዝገቡ የተከፈተበት ዓመት ሲሆን፣ በመላው ዓለም 12 ስፍራዎች ብቻ ሲመረጡ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ሌላው ይህ ፓርክ። ሆኖም በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት፣ በዱር እንስሳቱም ቁጥር ማነስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ለመውጣቱ ካበቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ መደረጋቸው ነው። ዛሬ በግጭ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን ጸጥታውን ስናደንቅ፣ ይህ ጸጥታ የተገኘው ሰዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቅቀው በመሄዳቸው መሆኑን ማወቅ አለብን። ፓርኩ መዳን ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ የተነሡት ቤተሰቦች ኑሮ ከፓርኩ ገቢ መደገፍ እንዳለበትም በዚያው ልክ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ ላይ ትልቅ እሳት በተነሣ ጊዜ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር፤ በገደሉ ላይ ቅጠል ይዞ ሌሊትና ቀን የታገለው ግን በአብዛኛው የአካባቢው ሕዝብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። በአማራ ክልል ካለው ግጭት የተነሣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚደረግ ጉዞ በየወቅቱ የሚለዋወጥ የጸጥታ ሁኔታ አለበት። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና በአካባቢው ከሚኖሩ ሰዎች አረጋግጡ፤ መንገዱ አይሆንም ከተባለ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ተራራው የትም አይሄድም፤ ሰው ግን አይተካም።

አሁን ወደ ባሌ ልሻገር። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ፓርክ ብቻ የማየት ዕድል ላለው ሰው ባሌን ብመርጥለት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ ይህን ያህል ልዩ ልዩ የአየር ጠባይና ፍጥረት የሚያሳይ ስፍራ በአገራችን አላውቅም። ከአዲስ አበባ በአሰላ ወይም በሻሸመኔ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲንሾ ይደረሳል። ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ሲሆን፣ በጽድና በኮሶ ዛፎች በተሸፈነው ኮረብታ ላይ የደጋ አጋዘንን ያለ ብዙ ድካም ማየት ይቻላል። ወንዱ ረጃጅም ጠምዛዛ ቀንዶች፣ በአንገቱና በጎኑም ነጫጭ ምልክቶች አሉት። ሰው አይፈራ ይሆናል ብላችሁ ግን ወደ እርሱ አትሩጡ፤ በዝግታ ብትራመዱ ቆሞ ያያችኋል፣ ምናልባትም ግጦሹን ይቀጥላል።

ከዲንሾ በሮቤ በኩል ወደ ጎባ ተሂዶ፣ ከጎባም ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሲወጣ፣ መጀመሪያ አስታና አሜጃ የተባሉት የደጋ ቁጥቋጦዎች፣ ከዚያም ጅብራ ብቻ የቆመበት ባዶ መሬት ይመጣል። ይህ የሳነቴ አምባ ነው፤ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ። ከጫፎቹ አንዱ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን አናቱ ድረስ የመኪና መንገድ አለው። አምባው ላይ ቀን ፀሐይ ፊትን ያቃጥላል፤ ሌሊት ደግሞ ውኃ ይረጋል። ጓሳ በተባለው ሣር መካከል ያለው መሬት በአይጥና በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ነው፤ እዚያ ያለው የግዙፍ ፍልፈል ዘር በዓለም ላይ ከባሌ በቀር አይገኝም። የቀይ ቀበሮ ሕይወት የቆመው በዚህ ፍልፈልና በአይጦቹ ላይ ነው።

ቀይ ቀበሮ ሲያድን ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ላየው ሰው ግን ከብዙ አንበሳ የሚበልጥ ነገር ነው። ረጃጅም እግሮቹን እያነሣ ሜዳውን በሶምሶማ ያካልላል፣ ድንገት ይቆማል፣ ጆሮዎቹን ወደ መሬት ያቀናል። ፍልፈሉ አፈር እየገፋ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሲወጣ ከሰማ፣ ሆዱ መሬት እስኪነካ ድረስ ዝቅ ብሎ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ፍልፈሉ ሲገባ ይቆማል፣ ሲወጣ ይጠጋል። አንዳንዴ ይህ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። በመጨረሻ ዘሎ ይወድቅበታል፤ ካመለጠውም በፊት እግሮቹ አፈሩን እየበተነ ይቆፍራል። ቀይ ቀበሮዎች በቤተሰብ ተሰባስበው የሚኖሩና ወሰናቸውን በጋራ የሚጠብቁ ቢሆኑም፣ አደናቸው ግን በአብዛኛው እንዲህ ለየብቻ ነው።

በመላው ዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ትልቁ ጠላታቸው ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እረኛ ከብቱን ይዞ ወደ አምባው ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል፤ አንድ የታመመ ውሻ አንድ ቀበሮ ቢነክስ በሽታው ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በባሌ ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሷል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። ስለዚህ በዙሪያው ያሉትን ውሾች በየጊዜው መከተብ ለቀበሮው ሕይወት ከማንኛውም አጥር የሚበልጥ ጥበቃ ነው፤ ለገበሬው ልጅና ለከብቱም ጭምር። ከጎብኚ የሚጠበቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ውሻ ይዞ አለመምጣት፣ ሥጋና አጥንት ሜዳ ላይ አለመጣል፣ በአምባው መንገድ ላይ መኪና አለማፍጠን።

ስለ ባሌ አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው አልሰማምና ልጨምር። ፊንጫ ሃበራ በተባለ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የዋሻ መጠለያ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይጠቀሙበት እንደነበር አረጋግጠዋል፤ ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በአምባው ላይ በረዶ በተጋገረበት በዚያ ዘመን የነበሩት ሰዎች ግዙፉን ፍልፈል በእሳት እየጠበሱ ይበሉ፣ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ደንጊያም ከዚያ በላይ ካለው ከፍታ ያመጡ ነበር። ሰው ከፍተኛ ተራራ ላይ እንደኖረ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሁሉ ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሰው ያልደረሰበት የሚመስለው ሜዳ፣ እንግዲህ፣ እጅግ የቆየ የሰው ልጅ ቤት ነው።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በአንድ ጊዜ ወደ ሀረና ደን ያስገባል። ጭጋግ የማይለየው፣ ከቅርንጫፎቹ የዛፍ ሽበት የሚንጠለጠልበት ይህ ደን፣ ወደ ታች ሲወረድ ቀርከሃ፣ ከዚያም በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና ይታይበታል። ነዋሪው ቡናውን ይለቅማል፣ ቀፎውን በረጃጅም ዛፎች ላይ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ከባሌ ከፍታዎች የሚነሡት ወንዞች ገናሌንና ዋቢ ሸበሌን እየመገቡ ወደ ሶማሌ ክልልና ወደ ሶማሊያ ይወርዳሉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከዚህ ውኃ ይጠጣል። ባሌ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ከሰሜን 45 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ያሳዝነኛል፣ መመዝገቡ ግን ያስደስተኛል።

ሦስተኛው ስፍራ ስሙ ከሁለቱ ያነሰ፣ ትምህርቱ ግን ከሁለቱ የማያንስ ነው፤ የመንዝ ጓሳ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ተጉዞ የሚደረስበት ይህ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በነዋሪው ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። አስቦ እና ጌራ የተባሉት የጥንት አባቶች ዘሮች መሬቱን በጋራ ይዘው፣ የመረጡት አለቃ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ጓሳው አድጎ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም በእኩል ያጭዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ያለፈቃድ የገባ ይቀጣ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ነዋሪው ግን ልማዱን አልረሳውምና ከዚያ በኋላ በኮሚቴ መልክ እንደገና አቋቋመው። የመንግሥት ፓርክ ያልሆነ፣ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀውና ከጎብኚው ገቢ የሚጠቀምበት ስፍራ ማየት ለሚፈልግ ሰው ጓሳ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

በጓሳ የተደረገ ጥናት ያሳየውንም ልንገራችሁ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ፣ እየገጡ ሲሄዱ አብሯቸው እየተራመደ አይጥ ያድናል፤ ጭላዶቹም አይሸሹትም፣ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ተመራማሪዎቹ እንዳስተዋሉት ቀበሮው በመንጋው መካከል ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ገደማ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው።

ቆላውን ዛሬ በሰፊው አላነሣም። አዋሽ ከዋና ከተማው ቅርብ በመሆኑ ሳላ የተባለውን የዱር እንስሳና ፏፏቴውን በአጭር ጊዜ ለማየት ይመቻል፤ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ፣ በነጭ ሣር ሜዳ ደግሞ የሜዳ አህያ ያያል፤ በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል የሚጓዘው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ በአፍሪካ ካሉት ታላላቅ የእንስሳት ፍልሰቶች አንዱ ነው፣ ራሱን የቻለ ንግግርም ይገባዋል።

ስለ ጊዜው፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ጥቅምትና ኅዳር ምድሩ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ስለሆነ ከሁሉ ይመረጣሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ በሳነቴ የቀበሮ ቡችሎች ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሲጫወቱ ሊታዩ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ ከጉድጓዱ በጣም መራቅ ያስፈልጋል፣ እናቲቱ ከተረበሸች ቡችሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራለችና። ሰሜንን ለማየት የሚመጣ ሰው ጉዞውን ከጎንደር ጥምቀት ጋር ቢያያይዘው ሁለቱንም ያገኛል። ከዝቅተኛ አገር በአውሮፕላን መጥታችሁ በቀጥታ ወደ ከፍታ አትውጡ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት በደባርቅ ወይም በዲንሾ እደሩ፣ ውኃ በብዛት ጠጡ፣ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከበረታ ወደ ታች ውረዱ። ለልጆች ወፍራም ሹራብ፣ የፀሐይ ባርኔጣና የተለማመዱት ጫማ ያስፈልጋል፤ አዲስ ጫማ ለተራራ አይሆንም።

ለባሌ አምስት ቀን፣ ለሰሜንም እንዲሁ፣ ለጓሳ ሁለት ሌሊት ብትመድቡ ያየሁትን አገር አየሁ ማለት ትችላላችሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ስንቁና ስለ ማደሪያው ያላችሁን ጥያቄ አሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።